ከመጀመሪያው መስመር በላይ

ጋሽ በሽር መሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለልኝ አሶሳ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። "ሰናይት፣ በሽር ዐረፉ" አለኝ። ደሴ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቀብር መድረስ የማይታሰብ ነው፤ ሙስሊም ሬሳ አያሳድርም፣ እኔ ደግሞ ከአሶሳ የሁለት ቀን መንገድ ርቄ ነው ያለሁት። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ፤ ለቤተሰባቸው ሁለት ገጽ የሐዘን ደብዳቤ ጽፌ በፖስታ ላክሁ።

በወሩ መልስ መጣ። ፖስታውን ከፍቼ የእጅ ጽሑፉን ገና ሳየው የጋሽ በሽር መሆኑን አወቅሁ። ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥር አለ፣ ከሥሩ ቀን አለ። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "ጉዳዩ፦ የሞቴን ዜና ስለማስተካከል። ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ የላኩት የሐዘን መግለጫ ደርሶኛል። ሆኖም የሞተው የወፍጮ ቤቱ በሽር ሲሆን እኔ በሕይወት የምገኝ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። ደብዳቤዎ ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ ዋናውን ለሟች ቤተሰብ አስተላልፌ ግልባጩን ፋይል አድርጌዋለሁ።" ከታች ያቺ የማውቃት ፊርማ።

እናቴ ምን ሆንሽ እስክትለኝ ድረስ ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩ፤ ያንን ሁሉ መልካም ነገር ስለሰውዬው የጻፍኩት ሞቱ ስለተባለ ብቻ ነው። በሕይወት እያሉ ብጽፈው ምን ነበረበት? ይኸው ጻፍኩት።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ቢሮዎቹ ሥራቸውን እየለመዱ ነበር፤ ሠራተኛው ከየአገሩ እየተሰባሰበ ነበር፤ አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ወንበር ሳይኖረው ኮምፒውተር ይመጣለታል። እኔና ለቢሮአችን የታዘዙት ኮምፒውተሮች የደረስነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሥራዬ የክልሉን ጤና ቢሮ ድረ ገጽ መሥራት ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ነበር፤ ከዚያ ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ደሴ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ ከራሴ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። በተለይ አሶሳ ውስጥ።

ጋሽ በሽር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ወደ ቢሮው የሚገባም ሆነ ከቢሮው የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ቁጥር ይሰጡታል፣ በትልቁ መዝገብ ላይ ይጽፉታል፤ ማኅተሙም በእሳቸው መሳቢያ ነው የሚያድረው። የዚያው የአሶሳ አካባቢ ሰው ናቸው፣ ብሔራቸው በርታ። ረዘም ቀጠን ያሉ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው አትወርድም፤ ሲሄዱ ኮቴያቸው አይሰማም። አማርኛቸው ሁለት ዓይነት ነበር። ሲጽፉ የቢሮ አማርኛቸው እንከን አይወጣለትም። ሲናገሩ ግን ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔ ለእሳቸው "አንተ" ነበርኩ።

"ባሽሙሀንዲስ፣ ሻይ ጠጣህ?" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። ባሽሙሀንዲስ ከሱዳን በኩል የመጣ ቃል ነው፤ የተከበርክ ኢንጂነር እንደማለት። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ሦስት ጊዜ አስረድቼ ሲታክተኝ ተውኩት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ወጪ ደብዳቤ ከማሸጋቸው በፊት ከወንበራቸው ይነሱና ባንኮኒውን ዞረው ባለጉዳይ በሚቆምበት በኩል ይቆማሉ። እዚያ ቆመው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች እንደገና ያነቡታል። አንድ ቀን እዚያ ማዶ የተለየ ነገር ይታያል ወይ ብዬ ቀለድኩባቸው።

"እዚህ ተቀምጦ ሲያነብ፣ የጻፈ ሰው ነው" አሉኝ ወንበራቸውን እያሳዩኝ። "እዚያ ቆሞ ሲያነብ፣ የተጻፈለት ሰው ነው። ወረቀት አንድ ነው። ሰው ግን ሁለት ነው።"

እኔ ይህንን የሰማሁት እንደ ሽማግሌ ወግ ነው። ሲወጡ እንደእሳቸው ባንኮኒውን እየዞርኩ ጸሐፊዋን አስቃት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ድረ ገጹ ሲጠናቀቅ ከጋሽ በሽር ጋር የመጀመሪያውን ጭቅጭቅ ገጠምን። ቢሮው ለሕዝብ የሚያወጣውን ማስታወቂያ በገጹ ላይ ልለጥፍ ስል መጥተው ከአጠገቤ ቆሙና "ቁጥሩ የት ነው?" አሉ።

"የምን ቁጥር?"

"የወጪ ቁጥር። ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ቁጥር የለውም። ቀን የለውም። እንዴት ይወጣል?"

ድረ ገጽ ደብዳቤ አይደለም አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ግን ከአጠገቤ አልሄዱም። በማግስቱም መጡ፣ በሠልስቱም መጡ። ሰውዬው አይቆጡም፣ አይጮኹም፤ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ የሚያሸንፉትም በዚያ ነው። በመጨረሻ እንዲተዉኝ ስል መላ ፈለግሁ። ድረ ገጽ ከጀርባው የሚጻፍ ኮድ አለው፤ ኮዱ ውስጥ ደግሞ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ ለአንባቢ የማያሳየው ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። "ይኸው፣ ከሁሉ በላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር በላይ ቁጥርዎንና ቀንዎን እዚህ ይጻፉ" አልኳቸው። "ማንም አያየውም። የሚያበላሸውም ነገር የለም።"

እነዚህን ቃላት አስታውሳቸዋለሁ። የሚያበላሸውም ነገር የለም ብያለሁ።

ጋሽ በሽር ደስታቸው ወሰን አጣ። ፋይሉን እንዴት እንደሚከፍቱ፣ ማስታወሻው በምን ምልክት እንደሚጀምርና እንደሚዘጋ በአንድ ቀን ተማሩ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ገጽ በወጣ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው፣ በሁለት ጣት እየፈለጉ፣ የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ከሁሉ በላይ ይጽፋሉ። የሚጽፉት እንደ ደብዳቤው ሁሉ በቀኝ በኩል እንዲሆን ብዙ ባዶ ቦታ አስቀድመው ነበር። ሳይ እስቃለሁ፤ ግን አልከለከልኳቸውም።

በዚያ ዓመት ከየወረዳው ሴቶች ተመርጠው አሶሳ ላይ የአዋላጅነት ሥልጠና እንዲገቡ ተወሰነ። የቢሮ ኃላፊያችን በድረ ገጹ በጣም ይኮሩ ነበርና የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር በወረቀት መላኩ ቀርቶ በገጹ ብቻ ይውጣ አሉ። ወረዳዎቹ የሳተላይት መስመር በቅርቡ ተዘርግቶላቸው ነበር፤ ከፍተው ያትሙና በሰሌዳቸው ላይ ይለጥፋሉ። እኔም ገጹ ላይ ለየወረዳው አንድ አንድ ሳጥን ሠራሁ። ሳጥኖቹ ቁመታቸው እኩል ሆኖ እንዲያምርልኝ ስለፈለግሁ ልኩን በቁጥር ወሰንኩት፤ ከልኩ የተረፈ ነገር ካለ እንዳይታይ አደረግሁ። የሚተርፍ ነገር እንደሌለ በራሴ ኮምፒውተር አይቻለሁ። የብዙዎቹ ወረዳዎች ዝርዝር ዘጠኝ ወይም አሥር ስም ነው፤ የሸርቆሌ ብቻ አሥራ ሁለት ሆኖ ሳጥኑን ጢም አድርጎ ሞልቶታል። በፊደል ተራ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ያለችው ፋጡማ የምትባል ልጅ ነበረች።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በሽር አንድ ወረቀት ይዘው ክፍሌ ገቡ። የሸርቆሌ ወረዳ ዝርዝሩ እንደደረሰው የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ደብዳቤ ከእሳቸው በቀር የሚያነበው ሰው የለም፤ ሌላው ደረሰ ብሎ ይጥለዋል።

"አሥራ ሁለት ልከናል" አሉኝ። "አሥራ አንድ ደርሷል ይላል። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቀርቷል።"

ገጹን ከፍቼ ቆጠርኩላቸው። አሥራ ሁለት። "እነሱ መቁጠር አይችሉ እንደሆነ እንጃ" አልኩ። አነጋገሬ አሁንም ድረስ ይቆጨኛል።

"ይሄ በአንተ በኩል ነው" አሉ። "ና፣ በእነሱ በኩል እንይ።"

በእነሱ በኩል ማለታቸው ምን እንደሆነ የገባኝ መዝገብ ቤት ወስደው የእሳቸውን ኮምፒውተር ሲከፍቱ ነው። እኔ ማሽኔ ላይ የጫንኩት ብራውዘር ሌላ ነው። የቢሮውም የወረዳዎቹም ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙት ግን አብሯቸው የመጣውን የቆየ ብራውዘር ነበር። ገጹ ተከፈተ። ቆጠርን። አሥራ አንድ። ፋጡማ የለችም። የሳጥኑ መጨረሻ ምንም ያልጎደለበት ይመስል ቀጥ ብሎ ተዘግቷል።

ከዚያ በፊትም የእኔ ገጾች በዚያ ኮምፒውተር ላይ ጠበብ ጠበብ ብለው ሲታዩኝ "አሮጌ ስለሆነ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ቁጭ ብዬ ከኮዱ ላይ አንድ አንድ ነገር እያነሳሁ መፈተሽ ጀመርኩ። ጋሽ በሽር ከአጠገቤ ተቀምጠው ያነሳሁትን ሁሉ በብጣሽ ወረቀት ይመዘግባሉ። ቀለሙን አነሳሁ፣ አሥራ አንድ። ሥዕሉን አነሳሁ፣ አሥራ አንድ። ሲጨንቀኝ ከሁሉ በላይ ያለውን የቁጥርና የቀን መስመር አነሳሁ። አሥራ ሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ገጽ ኮድ የሚጀምርባት አንዲት መስመር አለች፤ ዶክታይፕ ትባላለች። ብራውዘሩ እሷን ሲያገኝ ገጹ በአዲሱ ደንብ እንደተጻፈ ያውቅና በአዲሱ ደንብ ይለካዋል። ካላገኛት ግን ገጹ ከድሮ የተረፈ ይመስለዋል፤ እንዳይበላሽበት ብሎ በድሮው ልማድ ይለካዋል። የእኔ ብራውዘር ከፊቷ ማስታወሻ ቢኖርም ዘልሎ ያገኛታል። የቆየው ግን የሚያየው የመጀመሪያውን ነገር ነው፤ ከእሷ በፊት የጋሽ በሽርን ቁጥር ስላገኘ የለችም ብሎ ደመደመ። የሁለቱ ልኬት ደግሞ ይለያያል። በአዲሱ ደንብ የሳጥን ቁመት ሲባል ጽሑፉ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከላይና ከታች የሚተወው ክፍት ቦታ ተጨማሪ ነው። በድሮው ልማድ ክፍት ቦታውም ከዚያው ቁመት ላይ ይቀነሳል። የተቀነሰው አንድ መስመር የሚያህል ነበር፤ በዚያ መስመር ላይ ያለችው ፋጡማ ናት።

ይህንን ሁሉ ለጋሽ በሽር ነገርኳቸው።

"የመጀመሪያው መስመር ለማን ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ለብራውዘሩ ነው ጋሽ በሽር። በምን ደንብ እንደሚያነብ የሚነግረው እሱ ነው።"

"ኃላፊ ነው?"

"እንደዚያ ይቁጠሩት።"

"ኃላፊ ከሆነ ይቅደም። ቁጥር ሁለተኛ ይሁን።" ቁጥራቸውን በገዛ እጃቸው ከዶክታይፗ ሥር አወረዱት። አሥራ ሁለቱም ታዩ። ከዚያ ስልኩን አንስተው ሸርቆሌ ደወሉ።

ፋጡማ ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። ዕድሜዋ ሃያ ቢሞላ ነው፤ ልብሷን በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ መጥታለች። ሦስታችን ወደ ማሠልጠኛው ሄድን። መዝጋቢው ምዝገባው ትናንት ተዘግቷል አለን፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቦታዋ ተጠባባቂ ይጠራል። ጥፋቱ የልጅቷ አለመሆኑን የሚገልጽ፣ ያጠፋው ሰው የፈረመበት ደብዳቤ ከዚያ በፊት ከመጣ ግን ይቀበላታል።

ኃላፊያችን ጉዳዩን ሲሰሙ አልወደዱትም። ያሞገሱት ድረ ገጽ ሰው ጣለ መባሉ አልጣማቸውም። "የኔትወርክ ችግር ነው ብላችሁ ጻፉ" አሉ።

"ኔትወርክ ፊርማ የለውም" አሉ ጋሽ በሽር።

"እና ማነው የሚፈርመው?"

"እኔ ነው። ቁጥሩን የጻፈ እኔ ነው።"

ኃላፊው ትንሽ አሰቡና፣ ያጠፋው ሰው ከፈረመ እሳቸው መሸኛውን እንደሚፈርሙ ተናገሩ። እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እውነቱን ለመናገር፣ የተሰማኝ እፎይታ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል፤ እናቴ ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ሰውዬው ጥፋቱን ወሰዱልኝ፤ ተመስገን አልኩ። ከቢሮው ወጥቼ ኮሪደሩን ሳልጨርስ ግን ያ እፎይታ አስጠላኝ።

ጋሽ በሽር ደብዳቤውን ወዲያው ጻፉት። ከዚያ "ጁምዓ ሄጄ ይመጣል" ብለው ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ትተውልኝ ወጡ። ዓርብ ቀን መሥሪያ ቤቱ ለጸሎትና ለምሳ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ዝግ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና ፋጡማ ነን።

ደብዳቤውን አነበብኩት። የወጪ ቁጥሩ ከዶክታይፑ መስመር በላይ በመጻፉ የአንዲት ተመራጭ ስም በወረዳው ሳይታይ መቅረቱን ያስረዳል። በማን ምክር እንደተጻፈ ግን አንድም ቃል የለም። ከታች የፊርማ ቦታው ሁለት ነው። በአንዱ ስማቸው አለ፣ ፈርመዋል። ሁለተኛው መስመር ብቻ ነው፤ ስም የለበትም።

ፋጡማ ባለጉዳይ የሚያርፍበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከከረጢቷ ማንጎ አውጥታ አንዱን ሰጠችኝ። አልበላሁትም።

"እኔ ጥፋት አለው?" አለችኝ። የእሷም አማርኛ እንደ ጋሽ በሽር ነው።

"የለብሽም።"

"ማን አለው ታዲያ? ሼሁ?" ጋሽ በሽርን ማለቷ ነው። "ሼሁ ጥሩ ሰው ነው። ትናንት በስልክ፣ እስከዚህ ድረስ እንዴት እንደሚመጣ ሁለት ጊዜ ነገረኝ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ማንጎዋን መላጥ ጀመረች። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እስክሪብቶ አነሳሁ። በባዶው መስመር ላይ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፣ ከሥሩ "ማስታወሻው ምንም አያበላሽም ብዬ የመከርኩ" ብዬ ጨመርኩ፣ ፈረምኩ።

ጋሽ በሽር ከመስጊድ ሲመለሱ ወረቀቱን አነሱት፤ አዩት። አላመሰገኑኝም፣ ጎሽ አላሉኝም። መዝገባቸውን ገልጠው ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥተው ለኃላፊው መሸኛ አዘጋጁት። ከዚያ "ባሽሙሀንዲስ፣ ሻይ ጠጣህ?" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ጠጣህ ብለውኝ አያውቁም ነበር። አልቅሺ አልቅሺ ያሰኘኝ ይሄ ነው።

በሳምንቱ ለሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። የእኔን ማስጠንቀቂያ መዝግበው ያስፈረሙኝ ራሳቸው ናቸው፤ የእኔና የእሳቸው ቁጥር ተከታታይ ነበር፣ ይህንንም በጣታቸው አሳዩኝ። የሙከራ ጊዜዬን አለፍኩ። አሶሳ ስድስት ዓመት ሠራሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ከእኔ ኮምፒውተር ሌላ መዝገብ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳላየው ያወጣሁት ገጽ የለም። ጋሽ በሽር መነጽራቸውን አድርገው ይቆጥሩልኛል፤ እኔ ደግሞ ቁጥራቸው በሁለተኛው መስመር ላይ መሆኑን አይላቸዋለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነበር።

ያን ዕለት ዓርብ ማሠልጠኛው ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። መዝጋቢው መሸኛውን አነበበ፣ አባሪውን አነበበ፤ ሁለቱን ፊርማ አየና ሁለታችንን አየን። "የሰው ጥፋት በሁለት ሰው ተፈርሞ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው" አለ። ከዚያ መዝገቡን ሳበና የፋጡማን ስም ከሁሉም ስሞች በታች ጻፈው። ከመዝገቡ ላይ ቁጥር ያለበት ብጣሽ ወረቀት ቀዶ ሰጣት።

ውጭ ግቢው ውስጥ ቆመን ፋጡማ ወረቀቷን አገላብጣ አየችው። ጋሽ በሽርን በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። የማኅተም ቀለም የነካ ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳረፉና፣ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ መለሱላት።

"አዎ፣ መጨረሻ ነው" አሉ። "ግን ይታያል።"